የዛፍ ሞስ ሰሜንን ያሳያል?

በዚህ እትም ስለ አንድ ትንሽ ተክል እንጽፋለን። ሁላችንም በየቀኑ እናየዋለን፤ ቆም ብለን ያስተዋልነው ግን ጥቂቶች ነን። እንድንጽፍ ያነሳሳን የባዮሎጂ ፍቅር አይደለም። በተሳሳተ አቅጣጫ የሰገድነው አንድ የዐስር ሰላት ነው።

ነገሩ የሆነው በመስከረም መጀመሪያ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የፕሮጀክት ማስረከቢያ ቀን ደርሶብን ከአንድ ወንድማችን ቤት ተሰብስበን ስንሠራ ዋልን። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ፣ እኛ ደግሞ ብዙ ነን፤ ዐስር ሲደርስ በጀመዓ ለመስገድ ወደ ግቢው ወረድን። በሁለት ብሎኮች መካከል ሣር ያለበት ቦታ አለ፤ አጠገቡ አንድ ዛፍ፣ ከዛፉ ጎን ደግሞ ብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አለ። ውዱእ አድርገን ቆምንና ቂብላ ለማወቅ ስልክ አወጣን። ሦስት ስልክ ሦስት አቅጣጫ አሳየን። አንዱን ትንሽ ስናንቀሳቅሰው እንደገና ሌላ አሳየን። ሰማዩ ከብዷል፤ ፀሐይ የለችም።

ከመካከላችን አንዱ ዛፉን አሳየን። ከግንዱ ግማሽ ጎን አረንጓዴ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግራጫ። «ሞስ በሰሜን በኩል ነው የሚበቅለው፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል» አለ። እውነትም አብዛኞቻችን ይህን የሆነ ቦታ ሰምተነዋል። ከጅማ የመጣው ጓደኛችን ብቻ ተከራከረ፤ «እኛ አገር እኮ ዛፉ ዙሪያውን አረንጓዴ ነው፤ ታዲያ ሰሜኑ የቱ ሊሆን ነው?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ግን ወቅቱ እየጠበበ ነውና አልሰማነውም። ወደ አረንጓዴው ጎን ዞረን ሰገድን።

አሰላምተን ስንጨርስ የግቢው ጥበቃ ቀስ ብለው መጡ። «ልጆች፣ ምነው ዛሬ ወደ ፀሐይ መውጫ ሰገዳችሁ? የብሎኩ ሙስሊሞች በረመዳን እዚሁ ሲሰግዱ ወደዚያ ነው የሚዞሩት» አሉና ወደ ግራችን ጠቆሙ። «ጋሼ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩን?» አልናቸው። «ሰላት ጀምራችሁ ደረስኩ፤ እንዴት አድርጌ ላቋርጣችሁ!» አሉን። ሙስሊም አይደሉም፤ ከሁላችን ግን እርሳቸው ቂብላውን ያውቁ ነበር።

ኡስታዛችንን ስንጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። ቂብላ የጠፋበት ሰው በምልክት ተመርቶ ይሰግዳል፤ ይህ ግን ምድረ በዳ ላይ ላለ ወይም የሚጠይቀው ላጣ ሰው ነው። ከተማ መሃል፣ መስጂድ ባለበት፣ የሰፈሩን ሰው መጠየቅ እየተቻለ በራስ ግምት መሄድ ጥረት አይባልም አሉን። ድገሙት አሉን፤ ደገምነው።

ሰላቱ በዚህ አለቀ፤ ጥያቄው ግን አላለቀም። ያ አረንጓዴ ነገር ምን ነበር? ሰሜንን ያሳያል የሚባለውስ ከየት መጣ?

ያየነው ሞስ ነበርን?

ኢንጂነሪንግ የሚማር ሰው የተሰነጠቀ ግድግዳ ሲነግሩት ቦታው ሄዶ ማየት ይቀናዋል። እኛም በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ ተመልሰን ሄድን። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር አረንጓዴውን በጣት ማሸት ነበር። ጣታችን ላይ አረንጓዴ ዱቄት ቀረ። ቅጠል የለውም፣ ግንድ የለውም፣ የሚነቀል ነገር የለውም። ይህ ሞስ አይደለም፤ አልጌ ነው። ሮቶው ሲሞላ የሚያፈሰው ውሃ በነፋስ እየተረጨ ያንን የግንዱን ጎን ቀን ከሌት ያርሰዋል፤ አልጌው ያንን ተከትሎ ቅርፊቱን አለበሰው። ሮቶው ደግሞ ከዛፉ በስተምሥራቅ ነው የቆመው። በአጭሩ፣ ወደ ሮቶ ሰግደናል።

እውነተኛው ሞስ እዚያው ዛፍ ላይ ነበር፤ እኛ ግን አላየነውም። ከግርጌው ሥሩ ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ዙሪያውን፣ ቅርንጫፍ በሚከፈልበት መንታ ውስጥ፣ ግንዱ ጎበጥ ባለበት በላይኛው ፊት ላይ። በአንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ነገር አልነበረውም።

ስሕተቱ የኛ ብቻ አይመስለንም። ግንድ ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ለምደናል። ስለዚህ ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል።

አልጌ ከላይ እንዳልነው ቀለም ነው የሚመስለው። የተቀባ ያህል ስስ ነው፤ ሲያሹት እንደ ዱቄት፣ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ያሟልጫል። ሁለተኛው ላይከን ነው። ላይከን አንድ ተክል ሳይሆን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት አካል ነው። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ግራጫ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ቢጫ ነው። አንዳንዱ እንደ ደረቀ ቀለም ቅርፊት ሆኖ ይጣበቃል፤ አንዳንዱ እንደ ተቀደደ ወረቀት ጠርዙ ይነሳል፤ ደጋ ደን ውስጥ ደግሞ ከቅርንጫፍ እንደ ጢም ይንጠለጠላል። ይህን የሚንጠለጠለውን ነው በተለምዶ የዛፍ ሽበት የሚሉት። ጎተራ አካባቢ ባሉ ዛፎች ላይ የምናየው ክብ ክብ ግራጫ ጠብታ የሚመስለው ነገርም ላይከን ነው።

ሞስ ግን ተክል ነው። ትንሽ ይሁን እንጂ ግንድ አለው፤ በግንዱ ዙሪያ የተደረደሩ ቅጠሎች አሉት። ለማረጋገጥ ዓይንን ወደ ግንዱ እስኪጠጋ ድረስ ማስጠጋት በቂ ነው። ቅጠል ካየን ሞስ ነው ማለት እንችላለን። (ጉበት ቅርጽ አለው ተብሎ በስሙ የተሰየመ ሊቨርወርት የሚባል ዘመድ አለው፤ እርሱ እርጥብ ደን ይወዳል። ብዙዎቹ ጠፍጣፋ ሆነው በሁለት ረድፍ ቅጠል ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃሉ። በከተማችን ዛፎች ላይ መጀመሪያ የሚያጋጥመን ግን ሞስ ነው።)

በውሃ ጠብታ መፈተን

ለመለየት የሚጠቅም ቀላል ሙከራ አለ። በበጋ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ግንድ ላይ ያለው ሞስ የሞተ ይመስላል። ቡናማ ነው፤ ቅጠሎቹ ተኮማትረው ግንዳቸው ላይ ተጠቅልለዋል፤ በእጅ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ከውሃ ላስቲካችን ጥቂት ጠብታ እናድርግበት። ብዙ ሳንጠብቅ፣ ባብዛኛው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፤ አረንጓዴው ይመለሳል። መጀመሪያ ቀን ስናየው ተደጋግፈን ቆመን ዝም አልን። አንዱ ወንድማችን «ሱብሓነላህ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሽንኩርት ወይም በቆሎ ውሃውን የሚያገኘው ከሥሩ ነው፤ ከዚያም በውስጡ ባሉ ቱቦዎች ወደ ላይ ይልከዋል። ሞስ እንዲህ ያለ ሥር የለውም። ቅርፊቱን የያዘባቸው ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ሥራቸው መልሕቅ መሆን ነው እንጂ ዛፉን መጥባት አይደለም። ውሃውንም ምግቡንም የሚያገኘው በመላ አካሉ፣ ከዝናብ፣ ከጉምና በግንዱ ላይ ከሚወርደው ውሃ ነው። የአብዛኞቹ ቅጠል ውፍረት አንድ ሴል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ ሲኖር ወዲያው ይጠጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ውሃ ለማቆየት አይታገልም፤ ደርቆ ሕይወቱን አቁሞ ይጠብቃል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ሞስ ዛፍ አይገድልም። ዛፉን እንደ መቆሚያ ይጠቀምበታል እንጂ አይመገበውም። ግቢ ለማሳመር ተብሎ ግንዱን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ የሚጎዳው ራሱን ቅርፊቱን ነው።

ዓይነቱን ለመለየት የምንጀምረው ከአስተዳደጉ ነው። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ይቆምና ተጠጋግቶ እንደ ትንሽ ትራስ ይሆናል። ሌላው ግንዱ ላይ ተኝቶ እየተሳበ፣ ቅርንጫፍ እያወጣ እንደ ስጋጃ ይዘረጋል። ቀጥሎ ዘሩን የሚይዘውን ክፍል እንፈልግ። ከክረምት በኋላ ከሞሱ ላይ ክር የመሰለ ቀጭን ዘንግ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ወይም ትንሽ ተለቅ ያለች ገንቦ ትቀመጣለች። ትራስ በሚሠራው ዓይነት ዘንጉ ባብዛኛው ከግንዱ ጫፍ ነው የሚወጣው፤ በሚሳበው ዓይነት ከጎን ነው። ይህ አንድ ምልክት ብቻ የሞስን ዓለም ከሁለት ትልልቅ ቡድኖች ወደ አንዱ ያጠብልናል። በብዙዎቹ ገንቦ አፍ ላይ ደግሞ የጥርስ ቀለበት አለ፤ አየሩ ሲረጥብና ሲደርቅ ጥርሶቹ ይታጠፋሉ፣ ይቃናሉ፤ በዚህም ብናኝ ዘሩ መቼ እንደሚወጣ ይቆጣጠራሉ። ሞተር የሌለው ቫልቭ ማለት ነው። ሦስተኛ ዓመት የሚማሩ የሜካኒካል ወንድሞችና እህቶች ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል።

የጎተራው ዛፍ ላይ ያገኘነው የሚሳበው ዓይነት ነው። በጣም ደቃቅ ነው፤ ሲደርቅ የሐር ክር ይመስላል፣ ያብለጨልጫል፤ የቅጠሉ ጫፍ እንደ ፀጉር ይሾላል። በሌንስ ሲታይ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ይመስላል። እነዚህ ምልክቶች ፋብሮኒያ ወደሚባለው ወገን ይጠቁማሉ፤ ፋብሮኒያ ሞቃትና ደረቅ ወቅት ባለባቸው አገሮች የዛፍ ቅርፊት ላይ የሚኖር፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎችም የሚገኝ ነው። ጠቁመውናል እንላለን እንጂ ነው ብለን አንፈርምም። በዓለም ላይ ወደ 12,000 የሚጠጉ የሞስ ዝርያዎች አሉ፤ የመጨረሻው መለያ ብዙውን ጊዜ የቅጠሉ ሴሎች ቅርጽ ስለሆነ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ከእግራችን ሥር፣ በኮብልስቶኑ መገጣጠሚያ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ብርማ ቀለም አለው፤ ብሪየም አርጀንቲየም ይባላል፤ ከዓለም ከተሞች የእግረኛ መንገድ ላይ የማይጠፋ ነው።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ደረቅ የእጽዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቤት ነው። ናሙና ሲወሰድ ጥፍር የሚያህል ብቻ ይበቃል፤ በወረቀት ፖስታ ይቀመጣል (በፌስታል አይደለም፤ ይሻግታል)፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የዛፉ ዓይነትና ግንዱ ላይ የነበረበት ከፍታ ይጻፍበታል። ሌላው ነገር ደግሞ፣ በ1980 (እ.ኤ.አ) ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ 8 ጥራዝ ያለው ታላቅ ሥራ ነው፤ የሚዘረዝረው ግን ውሃ ማመላለሻ ቱቦ ያላቸውን እጽዋት ነው። ሞስ እዚያ ውስጥ የለም። ባዮሎጂ የምታጠኑ እህቶችና ወንድሞች የመመረቂያ ርእስ ከጠፋችሁ፣ እነሆ።

ደንቡ የመጣው ከሌላ ሰማይ ሥር ነው

«ሞስ በሰሜን በኩል ይበቅላል» የሚለው አባባል የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ምክንያት ግን አለው። ለንደን ከምድር ወገብ 51 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ርቃ ነው ያለችው። ፀሐይ በቀትር ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ነው የምትታየው፤ በሰኔ እንኳ አናት ላይ አትደርስም። የዛፉ ደቡብ ፊት ይሞቃል፣ ይደርቃል፤ ሰሜኑ ጥላ ሆኖ እርጥበት ይይዛል። ሞስ እርጥበት ባለበት ይቆያልና ወደ ሰሜን ያጋድላል።

አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ቀኖች መካከል ባሉት አራት ወር ተኩል ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ያኔ ጥላ የሚያርፍበት የግንዱ ፊት ደቡቡ ነው! ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ ይገለበጣል። በዚያ ላይ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ስለምትሄድ (በታኅሣሥ ዝቅ ባለችበት ቀን እንኳ ቀትር ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ በላይ ናት) ለቆመ ግንድ በሰሜንና በደቡብ ፊቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደ አውሮፓው አይሰፋም። በጋው ላይ ደቡቡ ፊት ይበልጥ መድረቁ እውነት ነው፤ ስለዚህ ምንም ሌላ ነገር በሌለበት ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ ትንሽ ወደ ሰሜን ቢያጋድል አይገርመንም። ችግሩ፣ ጎተራ ውስጥ «ምንም ሌላ ነገር የሌለበት» ዛፍ የት ይገኛል?

በዚያ ቅዳሜ ከኮንዶሚኒየሙ ተነስተን በማሳለጫው ዙሪያ ወደ ወሎ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ያሉትን ዛፎች እያየን ሄድን። የተማርነው ነገር ሞስ የሚከተለው ውሃውን መሆኑን ነው። ግንዱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሞሱ በላይኛው ፊት ነው፤ ዝናብ የሚያርፈውና የሚወርደው እዚያ ነዋ። የጣሪያ ውሃ መውረጃ አጠገብ ያለ ዛፍ ወደ ቱቦው በኩል አረንጓዴ ነው። ለግንብ የቀረበ ዛፍ፣ ግንቡና ዛፉ የሚተያዩበት ፊት ነፋስ ስለማያገኝ እርጥብ ነው። ወደ ትልቁ መንገድ የዞረው ፊት ብዙ ጊዜ በአቧራና በጥቀርሻ የተሸፈነ ነው፤ እዚያ ላይከንም ሞስም ይመነምናል።

የቅርፊቱም ነገር አለ። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን እየላጠ ይጥላል፤ ሞስ ተደላድሎ ሳይቀመጥ ቤቱ ይፈርስበታል። ወይራ ቅርፊቱ ሻካራና የቆየ ነው፤ ስንጥቆቹ ውሃ ይይዛሉ። በአንድ መንገድ ላይ አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ባሕር ዛፍና ወይራ ስለ አቅጣጫ ሁለት የተለያየ ወሬ ያወራሉ ማለት ነው፤ ባሕር ዛፉማ ጭራሽ ዝም ይላል።

የጅማው ጓደኛችን ነገር ደግሞ በዚህ ይፈታል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናቡ ብዙ ወር ይቆያል፤ በቡና ጥላ ዛፎች ሥር አየሩ እርጥብ ነው፤ የትኛውም የግንድ ፊት ለረጅም ጊዜ ስለማይደርቅ ሞሱ ዙሪያውን ይለብሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ስለሺ ነሞምሳና ስዊድናዊው ክርስቶፈር ሃይላንደር በ2008 (እ.ኤ.አ) ባሳተሙት ጥናት በዚያ አካባቢ በጓሮ ቡና መካከል የቀሩ ዛፎች በዛፍ ላይ ለሚኖሩ የደን እጽዋት መጠለያ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንግዲህ ያ ልጅ ያን ቀን የተናገረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቱ ጓሮ ነበር፤ እኛ ነን በሰው አገር ደንብ የዘጋነው።

ታዲያ ቂብላችን ወዴት ነው?

የሚገርመው፣ አባባሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ለኛ ከማንም በላይ ይጠቅመን ነበር። መካ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 1,380 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ያለችውም በኬንትሮስ ከኛ ብዙም ሳትርቅ ነው። ስናሰላው ቂብላችን ከትክክለኛው ሰሜን ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ ያጋድላል። ክንዳችንን ዘርግተን ሦስት ጣት ስናጣምር የሚሸፍነው ያህል ነው። ስለዚህ ሰሜንን በትክክል ያገኘ የአዲስ አበባ ሰው ቂብላን አገኘ ማለት ይቻላል።

የፊቅህ ሊቃውንት ከካዕባ የራቀ ሰው ትክክለኛውን ነጥብ ማነጣጠር አለበት ወይስ አቅጣጫው ይበቃዋል በሚለው ላይ ተለያይተዋል፤ የሻፊዒይ መዝሀብ ወደ መጀመሪያው ሲያደላ ሌሎቹ አቅጣጫውን በቂ ያደርጋሉ። ዝርዝሩን ከኡስታዞቻችን እንጠይቅ። የኛ ስሕተት ግን ወደ 85 ዲግሪ ነበር፤ በየትኛውም ንግግር አይድንም። በመድረሳ ከተማርነው የምናስታውሰው፣ ሊቃውንቱ የቂብላ ምልክቶችን ሲዘረዝሩ ጠንካራውን የሰሜን ዋልታ ኮከብ፣ ደካማውን ነፋስ ማድረጋቸውን ነው። የዛፍ ሞስ በዝርዝሩ ውስጥ ሲነሳ አልሰማንም። እጽዋትን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ በ282 ሂጅራ (በ895 እ.ኤ.አ) አካባቢ የሞተው አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪ ስለ እጽዋት ታላቅ ኪታብ የጻፈ ሰው ነው፤ ከሥራዎቹ መካከልም ስለ ቂብላ የጻፈው ይጠቀሳል። ወላሁ አዕለም።

የዋልታውን ኮከብ ለመጠቀም አዲስ አበባ ላይ ችግር አለ። ኮከቡ ከአድማስ የሚነሳው የአገሩን ኬክሮስ ያህል ነው፤ ለኛ 9 ዲግሪ። ጎተራ ላይ ያ ከፍታ የኮንዶሚኒየም ፎቅ ነው የሚታይበት።

የስልክ ኮምፓስ ይሠራል፤ ግን የሚለካው የምድርን ማግኔት ነው፤ አጠገቡ ያለ ብረት ያዛባዋል። ያን ቀን የቆምነው ከሮቶው የብረት መቆሚያና ከቆሙ መኪናዎች አጠገብ፣ ከሥራችን ደግሞ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ነበር። ሦስት ስልክ ሦስት አቅጣጫ ማሳየቱ የስልኮቹ ጥፋት አይደለም። ከብረትና ከኮንክሪት ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ስልኩን በስምንት ቁጥር ቅርጽ አዙሮ እንደገና ማየት ይረዳል።

ከሁሉ የምንወደው ጥላን ነው። ድሮ «ዳኢረቱል ሂንዲያ» የሚባለው ዘዴ ቀላል ነው፤ ደልዳላ መሬት ላይ ዘንግ ማቆም፣ በዙሪያው ክብ መሥራት፣ የጥላው ጫፍ ከቀትር በፊት ክቡን የነካበትንና ከቀትር በኋላ የነካበትን ምልክት አድርጎ ማገናኘት። መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ ለእርሱ ቀጥ ያለው ሰሜንና ደቡብ። እዚህም ግን የሰው አገር ደንብ እንዳይገባብን፤ «የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» የሚለው ለኛ የሚሠራው በበጋ ነው። በታኅሣሥ ዙህር ሊገባ ሲል ጥላችን ወደ ቂብላ ይወድቃል፤ በሰኔ በዚያው ሰዓት ከቂብላ ተቃራኒ ነው።

ክብ ለመሥራት ትዕግሥት ለሌለው በዓመት ሁለት ቀን አለ። ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ልክ የምትቆመው በግንቦት 19 ወይም 20 እና በሐምሌ 8 ወይም 9 ነው። ናሲሩዲን አት-ጡሲ ይህን በ13ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ) ጽፎታል። የኛና የመካ ሰዓት አንድ በመሆኑ ማስላት እንኳ አያስፈልግም፤ በግንቦቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18፣ በሐምሌው 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ወደ ፀሐይ የዞረ ሰው ወደ ካዕባ ዞሯል። ፀሐይዋን በዓይን አናይም፤ የቆመ ዘንግ ጥላ እናያለን። አንድ ሜትር ዘንግ አዲስ አበባ ላይ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ግርጌ የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። የሐምሌው ቀን በደመና መሸፈኑ የታወቀ ነው፤ ተስፋችን በግንቦቱ ላይ ነው።

ሞሱን ግን አቅጣጫ ስላላሳየን አንርሳው። በመላ አካሉ ከአየር ስለሚመገብ በአየር ላይ ያለውንም ብረት ያከማቻል። በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ተመራማሪዎች በ2013 (እ.ኤ.አ) ከዛፍ ግንድ 346 የሞስ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ፣ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት በሁለት ቦታ ተከማችቶ አገኙ። በሁለቱም ቦታ አጠገብ ባለቀለም መስታወት የሚሠሩ ፋብሪካዎች ነበሩ። በ2016 ወሬው ይፋ ሲወጣ ከተማዋ ተናወጠች። ውድ የአየር መለኪያ መሣሪያ በየመንገዱ መትከል በማይቻልበት ከተማ፣ ግንድ ላይ ያለ ሞስ ዋጋው የፖስታ ዋጋ ነው። ማሳለጫው ሥር፣ ታክሲና ከባድ መኪና በሚሰለፍበት ጎን፣ ያለው ሞስ ምን ይዞ ይሆን? የኬሚካል ክፍል ተማሪዎች ላቦራቶሪ ካላቸው እኛ ናሙናውን እናመጣለን።

እስከዚያው በግንቦት 19፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ያንኑ የጎተራ ግቢ የሣር ቦታ ላይ አንድ ሜትር ዘንግ፣ ቱንቢና ነጭ ቀለም ይዘን እንገኛለን። የግቢው ኮሚቴ መሬቱ ላይ ትንሽ የቂብላ መስመር ብንቀባ እንደማይቃወም ነግሮናል። ጥበቃው ጋሼም «እኔ ካልኩት ካፈነገጠ ትከፍላላችሁ» ብለውናል።